ነፍስ ያለበት ጠመንጃ

እፍፍፍ… አለ ከግድግዳው ወዲያ።

መጀመሪያ ድመት መሰለኝ። ድምፁ ግን ለድመት ይረዝማል። የደከመው ሰው ሸክሙን አውርዶ ሲቀመጥ የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ነው። ከዚያ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ይሰማል፣ ቀጭ ይላል፣ እንደገና እፍፍፍ…

«እማ፣ ማነው እዚያ የሚተነፍሰው?»

እናቴ ሽታዬ የጫማዬን ጭቃ በስንጥር እየፋቀች ነበር። ቀና አላለችም። «ተከራዩ ነው፤ አያ ፈንታ። ሥራውን እየሠራ ነው።»

«ሥራው መተንፈስ ነው?»

«አዎ፣ ያንተ ሥራ መለፍለፍ እንደሆነው ሁሉ። በል እግርህን አምጣ።»

ክረምት ነበር። በክረምት ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም ደብረ ማርቆስን ይውጣታል። ያን ጊዜ ጎረቤት በሳሉ፣ አህያ በኮቴዋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በደወሉ ካልሆነ አይታወቅም። እኔም ያን ሰሞን ዓለምን የማውቃት በጆሮዬ ነበር ብል ይሻላል። ጆሮዬ ደግሞ ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል። የጓሮው ክፍል አባቴ አማረ ታሞ የተኛበት ክፍል ነው። ሕመሙ የሳንባ ነበር። በዚያው ግድግዳ በኩል፣ ልክ እንደዚያ እየተጎተተ የሚወጣ ትንፋሽ እየሰማሁ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ከሞተ በኋላ ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። ተዝካሩ ከወጣ ወዲያ እናቴ ለዚህ ሰው አከራየችው። ትንፋሹም ተመለሰ።

ድምፁ ምን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የትም ሳልሄድ ቀርቼ፣ ያንኑ የጓሮ ክፍል ይዤ፣ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ከየአገሩ እየፈለግሁ የምሰበስብና የምጠግን ሰው ሆኛለሁ። የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ሆዱ ውስጥ ወፍራም ሞላ አለ፤ ሞላው ሲለቀቅ ጫፉ ላይ ቆዳ የለበሰ ብረት አየሩን ይገፋዋል፣ አየሩም ምስር የምታክል እርሳስ ያስፈነጥራል። ጠጋኝ ቆዳው አየር መያዝ አለመያዙን ሲፈትሽ አፈሙዙን በጨርቅ ጠቅጥቆ ሞላውን ይለቀዋል። ቆዳው ደህና ከሆነ አየሩ መውጫ ያጣና በቀጭኑ፣ ቀስ እያለ ያመልጣል። እፍፍፍ የሚለው እሱ ነው። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም ማመኔን እንጃ።

አያ ፈንታ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የሚቆጥብ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ሰሌዳ ያቆምና ቆርኪ በክር ያንጠለጥላል፤ ጎረምሶቹ በአየር ጠመንጃ ኢላማ ይጫወታሉ። በሌላው ቀን የሌሎች አጫዋቾችን ጠመንጃ ይጠግናል። ከሉማሜ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከመርጡለ ማርያም ሳይቀር በጆንያ ተጠቅልለው ይመጡለታል። ሲሠራ ምንጊዜም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው። ብርሃን ፈልጎ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ወለላ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እናቴን ጠራቻት። እኔ ከአጥሩ ሥር ቀንድ አውጣ እየፈለግሁ ነበር።

«እቴ ሽታዬ፣ ያ ያስጠጋሽው ሰውዬ ነፍስ አለበት ይላሉ።»

እናቴ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። «ነፍስ የሌለበት ማን አለ? አንቺ የለብሽም እንዴ?»

«ቀልጂ አንቺ! ነፍስ አለበት እልሻለሁ። ታስሮም ነበር አሉ።»

«ታስሮ ከነበረ ተፈትቷል። በይ ያሰጣሽው ልብስ ዝናብ ሊመታው ነው፣ ሂጂ አንሺ።»

ነፍስ አለበት ማለት ሰው ገድሏል ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የወሰድኩት። ነፍስ አለበት፤ የሆነ ሰው ነፍስ እሱ ዘንድ ተቀምጧል። «ታስሮም ነበር» የተባለውም ያ ነፍስ መሰለኝ። የማን ነፍስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በአባቴ ክፍል ውስጥ፣ በአባቴ ትንፋሽ የሚተነፍስ ሌላ ማን ይሆናል?

በማግሥቱ ወደ ጓሮው ክፍል ሄድኩ። መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተጋድሟል። ሬሳ ሲገነዝ አይቻለሁ። ከደጃፉ አላለፍኩም።

«ና ግባ፣ አትናከስም» አለ አያ ፈንታ፣ አቡጀዲውን እየገለጠ። «አሮጊት ናት። የጀርመን ሥሪት። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ባለርስት ለልጁ ያስመጣት ናት አሉ። ከዚያ በኋላ ጎተራ ሥር ተጥላ ኖረች። ብረቷ ዝጓል፣ ሰደፏ ተሰንጥቋል። እሱስ ይሠራል። ሳንባዋ ነው የደረቀ።»

«ሳንባ አላት?»

«አላት እንጂ! ይኸው።» ከብረቱ ሆድ ጥቁር፣ የተጨማደደ ቆዳ ስቦ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይሄ ሲደርቅ ትንፋሽ ያጥራታል። አዲስ እንሠራላትና ነፍስ ትዘራለች።»

ቆዳው ከእጄ ወደቀ። አንስቼ ለመስጠት ጎንበስ ብዬ፣ እዚያው እንደጎነበስኩ ጠየቅሁት።

«አያ ፈንታ፣ እውነት ነፍስ አለብህ?»

እጁ ቆመ።

«ማነው ያለህ?»

«ወለላ።»

«አለብኝ» አለ።

«የት ነው ያለው?»

ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነሥቶ ሄደ። ተከትዬው ስሄድ አሮጊቷ ጠመንጃ ላይ አረፈ። ከጠመንጃዋ ወዲያ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ያስታወስኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

«ይናገራል?»

«አይናገርም። ይተነፍሳል እንጂ። አንዳንዴ ጆሮዬ ሥር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እዚያው ክፍል ኖርኩ ማለት ይቻላል። አያ ፈንታ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀትና በዘይት ፈተገ። ስንጥቁን በሙጫ ሞልቶ በሲባጎ ጠፍሮ አሳደረው። የበሬ ቆዳ በክብ ቆርጦ፣ ለብ ባለ ሞራ ነክሮ፣ በጣቱ እያሸ እስኪለሰልስ አቆየው። እኔ ሞራውን እይዝለታለሁ። ሳንባ ሲሠራ አየሁ፤ ልጅ ሆኖ ይህን የሚያይ ማን አለ? ቆዳውን ከብረቱ ሆድ ሲያስገባው፣ አፈሙዙን በጨርቅ ጠቅጥቆ ሞላውን ሲለቀው፣ አሮጊቷ ረጅም፣ እርጥብ ትንፋሽ ተነፈሰች። አያ ፈንታ ፈገግ አለ። «ሰማሃት?»

ሰማሁት። እሱ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ አፌን ካፈሙዙ ገጥሜ «አባ» አልኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሞራ ሞራ ይሸታል። ከውስጥ በጣም ቀጭን ሲርርር የሚል ድምፅ መለሰልኝ። አዲስ ቆዳ ከቦታው እስኪቀመጥ ድረስ አየር እንደሚያሾልክ፣ ድምፁም ለሰዓታት እንደሚቆይ ዛሬ አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ልብሴን አውልቄ አሮጊቷን አለበስኳት፤ ብርድ እንዳይመታው።

በነጋታው ረፋድ ጉሙ በር ድረስ ገብቶ ነበር። ቀና ስል ደጃፉ ላይ ሴት ቆማለች። ስትመጣ ኮቴዋን አልሰማንም። ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁሩ ከታጠበበት ብዛት ወደ ቡኒ ሄዷል። አያ ፈንታ የያዘው ሞረድ ከእጁ አመለጠ።

«እመት ደብሪቱ» አለ፣ ከመቀመጫው እየተነሣ።

«ስሜን አልረሳኸውም።»

«እንዴት እረሳለሁ። ይግቡ፣ ዝናቡ…»

«አልገባም፣ ውሃህንም አልጠጣ። ቃል ላደርስ ነው የመጣሁ።» ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። «ዛሬም ጠመንጃ ነው የምትነካ?»

«ይሄ አይገድልም፣ እመት። ንፋስ ነው።»

እኔ «ነፍስ ነው» ሲል ሰማሁት። የሴትየዋም ፊት እንደዚያ የሰማች አስመሰላት።

«ቅዳሜ ነው። ገበያው ላይ» አለች።

«ማን?»

«ይታያል።»

አያ ፈንታ ጠረጴዛውን ተደገፈ። እኔ ደግሞ ደስታዬ ሊያፍነኝ ደረሰ። ቅዳሜ፣ ገበያው ላይ፣ ይታያል! ነፍሱ ሊታይ ነው!

«የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ከቤት ወጥቷል» አለች ሴትየዋ። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ልትነካኝ ይመስል እጇን አነሣችና መለሰችው። «አባቱ የሞተ ዕለት ይህን ያክል ነበር። ይህንኑ ያክል። አባቱን ቀበረ፤ ከዚያ ወዲያ የሳቀበትን ቀን አላውቅም።»

«እመት ደብሪቱ፣ ይቅር…»

«ተው! ለይቅርታ አልመጣሁም። ላንተ ብዬም አይደለም። በልጄ ላይ ነፍስ አትጣልብኝ። ያለኝ እሱ ነው። ጥፋልኝ፣ ካገር ሂድልኝ።»

«ስንቱን አገር ሄድኩት፣ እመት» አለ አያ ፈንታ፣ እየቆጠበ በሚያወጣው ድምፁ። «አሁን መሄጃው አለቀብኝ።»

ሴትየዋ ዞረችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ኮቴዋ አሁንም አይሰማም።

ነገሩን እናቴ ያጫወተችኝ ብዙ ቆይቶ፣ እኔ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። በደብረ ወርቅ በኩል ነው ያ የሆነው። የማሳ ድንበር፣ አንድ ቦይ፣ በክረምት የተቀየረ የውሃ መንገድ። አያ ፈንታ የደብሪቱን ባል ገደለ። ታሰረ፣ የብረት ሥራም እዚያው ተማረ፣ ተፈታ። ሽማግሌ ቢልክ የሟች ወገን እምቢ አለ። ሟች ትንሽ ልጅ ነበረው፤ ስሙ ይታያል ይባላል። ልጁ ሲያድግ ደም መላሽ እሱ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ቅዳሜ ጠዋት የእናቴንና የአያ ፈንታን ንግግር ከማጀት ሆኜ አደመጥኩ።

«አትውጣ አያ ፈንታ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ!» ትላለች እናቴ። «ባሏን የቀበረች ሴት ነኝ፣ ሌላ ሬሳ ደግሞ አታሳየኝ።»

«ዛሬ ካልወጣሁ ነገ እዚህ ይመጣል፣ ሽታዬ። ካንቺ ደጅ፣ ከልጁ ፊት። እሱ አይሆንም።»

«ፖሊስ ይነገረው እንግዲያ!»

«ምን ተብሎ? ልጁን አስሩልኝ ተብሎ? አባቱን ወሰድኩበት፣ እሱን ደግሞ ላሳስረው?»

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ነፍሱ እንዲታይ አልፈለገችም። አባቴ ሳይቀየማት አይቀርም ብዬ አሰብኩ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትቀመጥ በጓሮ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ አያ ፈንታ አይታየኝም፤ ትከሻው ላይ የተሸከማቸው ጠመንጃዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ግን ይሰማኛል። ያንን ኮሽታ እየተከተልኩ ገበያው ዳር ደረስኩ።

አያ ፈንታ ሰሌዳውን አቆመ፣ ቆርኪዎቹን አንጠለጠለ፣ አሮጊቷን ከሁሉ ፊት አጋደማት። ገበያው በድምፅ ብቻ ያለ ነበር፤ በግ ይጮኻል፣ ሰው ይከራከራል፣ ማንም አይታይም። ሁለት ጎረምሶች መጥተው ተኮሱ።

«ኧረ አያ ፈንታ፣ ቆርኪው የት አለ? እኔ ጉም ነው የምመታው!» አለ አንደኛው።

«ጉሙንም ስተኸዋል» አለው ጓደኛው። ተሳሳቁ።

አያ ፈንታ ጥይት ሲያቀብላቸው እያየ ያለው እነሱን አልነበረም። እኔም ከአያ ፈንታ ኋላ፣ እዚያ በተጣለ ጆንያ ሥር ሆኜ እሱ የሚያየውን አያለሁ። እየታየ መጣ። መጀመሪያ ጥቁረት፣ ከዚያ ቁመት፣ ከዚያ ጋቢ። ቁመቱ የአባቴ ቁመት ነው። አረማመዱም፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ሲቀርብ ግን ፊቱ የሌላ ሰው ሆነ፤ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያላየ ጎረምሳ። በጋቢው ውስጥ ረጅም ነገር ይዟል። ዣንጥላ መሰለኝ። ዣንጥላ አልነበረም።

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ለምን እንዳቆሙ የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ታጫውታለህ?» አለ ባለጋቢው።

«አጫውታለሁ» አለ አያ ፈንታ።

ጎረምሳው አንድ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ በሌላው አሮጊቷን አነሣት። ገለበጣት፣ ሰደፏን አየ። «አርጅቷል።»

«አርጅታለች፤ ግን ደህና ናት።»

ጎረምሳው አፈሙዙን ቀስ ብሎ ወደ አያ ፈንታ ደረት አዞረው።

«ነፍስ አለበት?» አለ።

አያ ፈንታ ቆቡን አወለቀ። ጠጉሩ ያን ያህል የሸበተ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጠመንጃዋን ሁልጊዜ «እሷ» ይላት የነበረው ሰው፣

«አለበት» አለ። «አለበት፣ ልጄ። ዕድሜ ልኩን።»

ጎረምሳው ራሱን ነቀነቀ። ለብዙ ጊዜ ሲጠይቀው የኖረው ነገር እንደተመለሰለት ሁሉ። ከዚያ በጋቢው ውስጥ ያለው እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። አያ ፈንታ አልሸሸም፤ እጆቹን ወደ ጎን ለቀቃቸው።

እኔ ግን ገባኝ። ይህ ሰው ነፍሱን ጠይቆ አረጋገጠ፤ አሁን አሮጊቷን በጋቢው ጠቅልሎ ሊወስዳት ነው። አባቴን ሊወስድብኝ ነው። ከጆንያው ሥር ተፈትልኬ ወጣሁና በሁለቱ መካከል ገብቼ ጠመንጃዋን በሁለት እጄ አነቅሁ።

«የአባቴ ነው!» አልኩ። «የአባቴ ነው! አትውሰድብኝ! በማርያም አትውሰድብኝ!»

«አንተ ልጅ!» አያ ፈንታ ጮኸ። ድምፁን ሳይቆጥብ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላው ሊስበኝ ሞከረ። እኔ አልለቅም። «ከዚህ ጥፋ! ዞር በል!»

«አልሄድም! የአባቴ ነው!»

ጎረምሳው አየኝ። እጁ ከጋቢው ውስጥ ቆሟል። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ሞራ የነካው ሸሚዜ ጭቃ ለብሷል፤ ምን እንዳየ አላውቅም። ከእኔ ወደ አያ ፈንታ፣ ከአያ ፈንታ ወደ ትከሻዬ ላይ ወዳለው እጅ አየ። ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ።

አንድ እጄን ከጠመንጃዋ ለቅቄ በጣቶቼ አሳየሁት፤ አልበቃ ሲል ሌላውንም ጨመርኩ። ጣቶቼን እንዳያቸው ቀረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሚቆጥር ይመስል ነበር።

«ስምህስ ማን ነው?»

«አንሙት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አሮጊቷን ለቀቀልኝ፤ ክብደቷ ድንገት እጄ ላይ ሲወድቅ ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ፣ አያ ፈንታ ደገፈኝ። ጎረምሳው ጋቢውን አጠበቀ። ውስጡ የያዘውን ነገር ወደ ጎኑ አስጠጋ።

ዞሮ ሄደ። የጭድ ሸክም የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሲያቋርጡ ቆሞ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ አህያ ስታልፍ ጭዱ ጋቢውን ፈተገው፤ ገለባውን ከትከሻው አራገፈ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ሳይዞር ጉሙ ውስጥ ገባ።